የአነሯ አማካሪ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም ጆሯችሁን አውሱኝ። በአንድ ጫካ ውስጥ ትኩሳት ገብቶ አውሬው ይረግፍ ጀመር። የጫካው ዳኛ አነር ነበረች። ኩሩ ናት፤ ጆሮዋ ውስጥ የተቀመጠው መዥገር የሚመክራትን ግን የራሷ ሐሳብ እየመሰላት ትሰማ ነበር።

መዥገሩም፣ «እመቤቴ፣ በሽታውን ያመጣችው የሌሊት ወፍ ናት፤ መልኳን ማየት ይበቃል» አላት።

አነሯ የሌሊት ወፍን አስጠርታ፣ «ደምሽ በሽታ አለበት ይባላል፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ እመቤቴ፣ አለበት። ግን ማንንም ነክቼ አላውቅም። ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው የሚዞረው ማን እንደሆነ ይጣራልኝ» አለች የሌሊት ወፍ።

አነሯ ጆሮዋን እያከከች ትንሽ አሰበችና፣ «ጭራሽ ዳኛ ልታስተምር መጣች» ብላ የሌሊት ወፍን ከነዋሻዋ በድንጋይ አስደፈነቻት። አውሬው ሁሉ እልል አለ።

በሳምንቱ ሽኮኮው ሞተ፣ ቀጥሎ ጃርቱ፣ በመጨረሻም አነሯ ራሷ። ጦጣ እያለቀሰች ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ፣ መዥገሩ ከሟቿ ጆሮ ወርዶ፣ ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር።

«እግዜር ያጽናሽ እመቤቴ፤ ነይ፣ ጠጋ በይ» አላት።