የአስታማሚዋ ትርንጎ ዱቄት

እስቲ ጠጋ በሉ! ኧረ በጣም አትጠጉ፣ ነገሩ የሆነው በኮሮና ጊዜ ነው።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አልጋ ላይ የዋሉ አባቷን እያጠበች፣ እያጎረሰች ታስታምማለች። ጉልት ሽንኩርት ትቸረችር ነበር፤ በሽታው ሲገባ ግን "ይዤው አባቴ ዘንድ እገባለሁ" ብላ ፈርታ ጉልቱን ተወችው። ጓዳዋ ባዶ ሲሆን የእርዳታ ዱቄት ወደሚታደልበት ቀበሌ ሄደች።

"ዱቄት ስጠኝ" አለችው አዳዩን።

"ሥራ ላጣ ሰው ነው። አንቺ አላጣሽም፣ ራስሽ ነሽ የተውሽው። የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ካላዘዘች አልሰጥም!"

ወደ ሰብሳቢዋ ሄደች። "እትዬ፣ አዳዩ አልሰጥም አለ፤ ይዘዙልኝ።"

"ኃላፊው ካልፈቀደ አላዝም!"

ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊው ወደ አቶ መንግሥተአብ ሄደች። "ጌታዬ፣ ሰብሳቢዋ አላዝም አሉ፣ አዳዩ አልሰጥም አለ፤ ጉልቱን የተውኩት አባቴን ላስታምም ነውና ይፍቀዱልኝ።"

ሰውዬው ሳቀ። "ጉልት የሚያስተው ሥራ ቢኖርብሽ እሺ፤ አባትን ማስታመም ግን ምን ሥራ ነው? ቤት መቀመጥ ነው! ዳኛ ካልፈረደ አልፈቅድም!"

"እንግዲያው እከስዎታለሁ!" አለች፤ ከሰሰችውም። ጎረቤቱ ሁሉ በሽታውን ፈርቶ በሩን ስለዘጋ፣ አባቷን ብቻቸውን ትታ ችሎት ቀረበች።

"ክቡር ዳኛ፣ ኃላፊው አልፈቅድም አሉ፣ ሰብሳቢዋ አላዝም አሉ፣ አዳዩ አልሰጥም አለ፤ ይፍረዱልኝ።"

"ማስታመም ሥራ መሆኑን የሚያስረዳ ምስክር ካልመጣ አልፈርድም። ከሰዓት ይዘሽ ነይ!"

ትርንጎ ወደ ኃላፊው ዞረች። "ጌታዬ፣ ምስክር ፍለጋ ልሄድ ነው። ቤት መቀመጥ ከሆነ፣ እስክመለስ ከአባቴ ጋር ይቀመጡልኝ።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው እምቢ ለማለት አፈረና ወደ ቤቷ ሄደ።

ገና ከመቀመጡ ሽማግሌው "ውሃ!" አሉ። ውሃ ሲያጠጣ "አገላብጠኝ!" ሲያገላብጥ "ፖፖ!" ፖፖው እስኪገኝ አንሶላው ራሰ። አንሶላ ሲያጥብ የጣደው የጉልት ትራፊ ሽንኩርት አረረ።

"ልጄ፣ ሥራ አታውቅም እንዴ?" አሉት።

ትርንጎ ደጅ ሁሉ አንኳኩታ፣ ምስክር አጥታ፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ችሎቱ ተመለሰች። ኃላፊው እጅጌው ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቧ ሽው ብሎ አለፈና ችሎት ገባ።

"ክቡር ዳኛ፣ ሥራ ነው! ምስክሩ እኔ ነኝ! ስለ ፈጣሪ ይፍረዱላት!"

ይኼኔ ዳኛው ፈረዱ። ዳኛው ሲፈርዱ ኃላፊው ፈቀደ፣ ኃላፊው ሲፈቅድ ሰብሳቢዋ አዘዘች፣ ሰብሳቢዋ ስታዝ አዳዩ ሰጠ፤ ለትርንጎ ብቻ ሳይሆን በቀበሌው ላለ አስታማሚ ሁሉ!

አባትም በሉ፣ ልጅም በላች። እናንተም እጃችሁን ታጠቡና ወደ ገበታ!