የጎደለው ምርጫ

አቶ ድልነሳሁ የሚባሉ የብሎኬት ማምረቻ ጌታ ነበሩ አሉ። ልጃቸውን ምንያህልን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ፊዚክስ የምታስጠናው አንዲት አፏ የማይታሰር ወጣት ነበረች። ታዲያ ምንያህል በሞዴል ፈተናው ወደቀ። አቶ ድልነሳሁም እንግዳ ሰብስበው ሳሉ ጥናቱን አስቋርጠው ሳሎን ድረስ አስጠሯት።

«አንቺ አስጠኚ! እስቲ በሰው ፊት መልሺልኝ። ጥፋቱ የልጄ ጭንቅላት ነው ወይስ ያንቺ ማስተማር?»

ልብ በሉ፣ ይኼ ወጥመድ ነው። «የልጁ ነው» ብትል የጌታውን ዘር ሰደበች፤ «የኔ ነው» ብትል ደግሞ ከእንግዲህ በዚያ ሰፈር ልጁን የሚሰጣት ሰው አታገኝም።

እሷ ግን ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ፈተና ላይ አራት ምርጫ ይሰጣል። እርስዎ ሁለት ብቻ ሰጡኝ፤ መልሱ ደግሞ ከሁለቱ ውስጥ የለም።»

«እሺ፣ ሦስተኛውን ራስሽ ጨምሪዋ!»

«ዛሬ ለጥናት ከተቀመጥን አንድ ሰዓት አልሞላንም። ምንያህል አንዴ ‹ወንበር አምጣ› ተብሎ፣ አንዴ ‹የወደፊቱን ዶክተሬን ተዋወቁት› ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ ‹ቴሌቪዥኑን ክፈት› ተብሎ ተጠራ። አሁን ይኸው እኔም ተጠራሁ።»

አቶ ድልነሳሁ ፊታቸው ቀላ። «እና ጥፋቱ የኔ ነው ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ምንም አልወጣኝም ጋሼ! እርስዎ ግን ያለ አስጠኚ መለሱት።»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ከእንግዶቹ ሁለቱማ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ «የኛንስ ልጆች ማስጠናት መቼ ትጀምሪያለሽ?» አሏት።