ጅራት አንሺው

አንድ ሰው ነበረ፤ ካሜራ በገዛ በሁለተኛው ወር የፈረስ ጉግስ ላንሳ ብሎ የተነሳ። ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ሚስቴ የጠየቀችኝን ሁሉ ወዲያው አደርግላታለሁ፤ ታዲያ ለምን አኩርፋ እናቷ ቤት ገባች?» ነው ያልከኝ። የምመልስልህ እሱኑ ነው፤ ብቻ መሃል እየገባህ አታቋርጠኝ።

ይህ ሰው እስከዚያ ቀን ያነሳው የቆመ ሰው ብቻ ነው። የቆመ ሰው ደግሞ አያስቸግርም፤ ቀና በል ሲሉት ቀና ይላል፣ ሳቅ ሲሉት ይስቃል። ታዲያ ጉግስ ውስጥ ምን አገባው? ፍቅር ነዋ! አንጓች የምትባል የአንድ ፈረሰኛ ልጅ ወደደ፣ እሷም አልጠላችውም፤ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

አባትየው ስለ መሬትም ስለ ከብትም አልጠየቀንም። ከኪሱ መታወቂያውን አውጥቶ አሳየን። «አርባ ዓመት ጋልቤ ያለኝ ፎቶ ይኸው ብቻ ነው። እስቲ እዩት፣ በግ ሰርቆ የተያዘ ሰው አልመስልም?» አለን። እውነቱን ለመናገር፣ ይመስላል። «ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ዘንድሮ ጋልቤ እተወዋለሁ። ልጄን የሚያገባ ሰው በጋሻዬ ስመክት አንስቶ ያምጣልኝ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አለ። እኛም «ይቺማ ምን አላት!» ብለን ቃል ገብተን ወጣን። አንዱ ካሜራ አለው፣ ሌላው ፈረስ አለው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይጎድላል ብለን ነው።

ጉግስ ታውቃለህ። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው ኮርቻው ላይ እንዳለ ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ያቺ መዞር ታዲያ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አትቆይም። በእኛ ሜዳ በጥር ወር ለሦስት ቀን ይጋለባል።

በመጀመሪያው ቀን ሰውዬው ከሜዳው ዳር ተንበርክኮ ዋለ። ፈረሰኛው ሲዞር ያያል፤ ሲያይ ቁልፉን ይጫናል። ጨዋታው ሲያበቃ አገሩ ሁሉ ከቦ ስክሪኑን ተመለከተ። ጅራት ነው። ወደ ግራ የሚሄድ ጅራት፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ ጅራት፣ አንዱ ላይ አቧራና የአንድ ቄስ ጃንጥላ። አባትየው አንድ በአንድ አየና «ፈረሴንስ አወቅሁት። እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰውዬው ስም ጅራት አንሺው ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ጥፋቱን በካሜራው ላይ አላከከና ከከተማ ፎቶ ቤት ክንድ የሚያህል ሌንስ ተውሶ መጣ። አሁን ጅራቱ እንዴት ጥርት ብሎ ወጣ መሰለህ! ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔን ደግሞ በመንገድ ሲያገኙኝ «የጅራት አንሺው ሽማግሌ» ይሉኝ ጀመር። በዚህ ዕድሜዬ! ካሜራውን በከዘራዬ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ያወጣችን አንጓች ናት። የአባቷን ፈረስ፣ ዳማውን፣ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያበላችው እሷ ነበረች። ሰውዬውን ጠርታ ተቆጣችው።

«ለመሆኑ ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቀው?»

«አባትሽ እስኪዞር።»

«ሲዞር ካየኸውማ አልፎሃል። አባቴ ሊዞር ሲል ሰውነቱ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ያኔ የዳማው ግራ ጆሮ ወደ ኋላ ይተኛል። አባቴን ተወውና ጆሮውን እይ። ጆሮው ሲተኛ ተጫን።»

«ምንም ሳላይ?»

«ምንም ሳታይ።»

በሦስተኛው ቀን እንዳለችው አደረገ። መጀመሪያ ላይ ዝንብ ዳማውን አስቸግሮት ጆሮውን ባስተኛ ቁጥር ባዶ ሜዳ ያነሳ ነበር። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? በመጨረሻው ግልቢያ፣ ፈረሰኛው ከዚያ ወዲያ ላይጋልብ፣ ጆሮው ተኛ፤ ሰውዬው ተጫነ። ያ ካሜራ ደግሞ ሲጫኑት የሚያዩበት ቀዳዳ ለቅጽበት ይጨልማል። ብርሃኑ ሲመለስለት ያየው ያንኑ የለመደውን ጅራት ነው። «አመለጠኝ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም ብዬ አልዋሽህም።

አንጓች ካሜራውን ከአንገቱ ላይ አውልቃ አየችው። ለአባቷ ወስዳ ሰጠችው። ፈረሰኛው ኮርቻው ላይ ተጠምዝዞ፣ ዘንጉ ጋሻውን መትቶ ገና ሳይወድቅ፣ እሱ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ይታያል። ሦስት ጥርስ እንደጎደለው እንኳ ይታያል። አባትየው ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «እኔ እንዲህ ነኝ?» አለና ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ «ሽማግሌዎቹን ጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸ። እኔ እኮ እዚያው አጠገቡ ቆሜያለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ጅራት አንሺው አንተ ነህ። ሚስትህ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። «ጀሪካኑን ያዝልኝ» ስትልህ ትይዛለህ፤ ሰነፍ ነህ አልወጣኝም። ግን ይህን ከማለቷ በፊት፣ በደጃችሁ ሳልፍ እንዳየሁት፣ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ ትንሽ ቆማ ነበር። ጆሮው የተኛው ያኔ ነው። አንተም ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ ነበር። ከጠየቀችህ በኋላ የምታደርግላት የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የቱንም ያህል ጥርት ቢል፣ ጅራት ነው። ቀድመህ ስትነሳ ደግሞ ትሳሳታለህ፤ ባዶ ሜዳ ታነሳለህ፤ በዚያ ትስቅብሃለች እንጂ እናቷ ቤት አትሄድም።

አሁን ታዲያ ምን ልታደርግ አስበሃል? ምን አልክ? «እስክታስጠራኝ እየጠበቅሁ ነው፤ እንደጠራችኝ በሩጫ እሄዳለሁ»?

ተነስ! ተነስ ከፊቴ፣ አሁኑኑ ሂድ! ስትደርስም «ምን ላድርግልሽ?» ብለህ እንዳትጠይቃት። የእናቷ ቤት ጀሪካን የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ።