አጓት ውሃ ያልቆረጠው ምስጋና

ድሮ ነው፤ ድልድይ የሚባል ነገር ባገሩ ሳይታሰብ፣ አጓት ውሃ የሚባለው ወንዝ ክረምት ሲበረታ መንደሩን ለሁለት በሚከፍልበት ዘመን። አድምጡኝማ።

በዚያ መንደር ባዬ የሚባል ሸማኔ ነበር። ድሃ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሸምን ይውላል፤ ልቡ ግን ዜማ ላይ ነው። ሐምሌ ዐሥራ አምስት የሶርያዊው ሊቅ የኤፍሬም ቀን ነው። ያን ቀን ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ፣ አንዱ ወገን ሲል ሌላው እየተቀበለ፣ የሊቁ ምስጋና ይባላል። ዜማውን አሳምረው የሚያውቁት መሪጌታ ዘውገ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም አርጅተዋል። «እኔ ስሞት ኤፍሬምም ካገሩ ወጣ በሉ» ይላሉ። ይቺ ቃል ባዬን እንቅልፍ ነሳችው።

ሄደ። «የኔታ፣ ያስተምሩኝ» አለ። ደብተራዎቹ ሳቁበት። «ሂድ ጋቢህን ሥራ! ዜማ እንደ ድር የሚቋጠር መሰለህ?»

ባዬ ሄደ፤ ግን ሩቅ አልሄደም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሰማ። ዝናብ መታው፤ ሰማ። ፀሐይ መታው፤ ሰማ። ዓመት ሙሉ ሰማ። አንድ ቀን መሪጌታ ስንኝ ጠፋቸው። ከአጥር ውጭ አንድ ድምፅ ጨረሰላቸው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ፣ ባዬ።»

«ታዲያ ምን እንደ ሌባ ያስቆምሃል? ግባ!»

በሁለተኛው ዓመት ረኀብ ገባ። ተማሪው ተበተነ፤ ደብተራዎቹም ተሰደዱ። ቀኑን የሚዘክረው ማኅበርተኛ «ዘንድሮስ ይለፈን፤ ችግራችንን ሊቁም ያያል» አለ። ባዬ ቤት ለቤት ዞረ። «እህል አላልኩም፤ ለዝክሩ አንዳንድ እፍኝ ጎመን» አለ። ጎመኑ ያለ ጨው ተቀቀለ። አንዲት ባልቴት ቀመሱና «አይ ባዬ! ይህን ሊቁ ቢቀምሰው ምስጋናውን ይተው ነበር» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰው ሁሉ በላ። ቀኑም ታሰበ።

በሦስተኛው ዓመት ቀኑ ሊደርስ ሲል ወንዙ ሞልቶ መጣ። መሪጌታና ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ፣ ባዬና አገሬው ወዲህ ማዶ ቀሩ። ወዲያ ማዶ የሚቀበል የለም፤ ወዲህ ማዶ የሚመራ የለም። «በቃ፣ ዘንድሮ ቀረ» ብሎ ሰው ፊቱን አዞረ።

መሪጌታ ግን በሰው ተደግፈው እስከ ወንዙ አፋፍ ወረዱ። ጀመሩ። ውሃው ይጮኻል፤ ድምፃቸው አይሰማም። መቋሚያቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ባዬ ዓይኑን መቋሚያው ላይ ተክሎ በልቡ አብሯቸው ሄደ። መቋሚያው ቀጥ ሲል ተቀበለ።

«ኧረ ሰውየው ለየለት! ማን ይሰማሃል?» አሉት ከኋላው።

ባዬም ዱላውን ከፍ ዝቅ አደረገ። መሪጌታ አዩት፤ ቀጠሉ። እሳቸው ሲሉ እሱ ሲቀበል፣ የሄደው ሰው አንድ ሁለት እያለ ተመለሰ፤ የባዬን አፍ አፉን እያየ ተከተለ። ምስጋናው ሳይጎድል ተፈጸመ።

መሪጌታ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ኤፍሬም ግን ካገሩ አልወጣም።

ዛሬ አጓት ውሃ ላይ ድልድይ አለ። በሐምሌ ዐሥራ አምስት ጠዋት ግን ማንም አይሻገርም። ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ይቆማል፤ ከወዲህ ማዶ ቀድሞ የሚቀበለውም ሸማኔ ነው። የማያውቅ እንግዳ «ድልድይ እያለ ምን ያቆማችኋል?» ካለ፣ ክንዱን ያዝ አድርገው «ቆይ፣ ባዬ ይቀበል» ይሉታል።