የእመት ጦጢት የጨው ውኃ

ይህችን ያቀበሉኝ የአጥር ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። «ተረት ተረት» ቢሉኝ፣ «ጆሮዬ ክፍት» አልኳቸው።

እመት ጦጢት ሰው ቤት አይታ ቀናችና፣ ትንሽ የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ማኖር ጀመረች። ዓሣው ይሉኝታ የያዘው ነውና፣ ዓይኑ እየፈዘዘ ትንፋሹ እያጠረ እንኳ «ደኅና ነኝ፣ እመት» ይላል። ውኃው በጎደለ ቁጥር ጦጢት ጨው በጥብጣ ትሞላለች፤ እሱ ግን ይብስበታል።

እዚያው ገንዳ ውስጥ የሚኖር አንድ ነገረኛ ሸርጣን «ውኃውን የሚያበላሸው እሱ ነው፤ ይውጣልን!» አለ። ጦጢትም ግራ ገብቷት ልታወጣው ጭልፋ አነሳች። ከወጣ እንደሚሞት ዓሣው ቢያውቅም፣ «እንዳሉ ይሁን፣ እመት» አለ።

መስተዋቱን ስትልስ የምትውለው ቀንድ አውጣ አፏን ጠረገች።

«ቆይ እስቲ እመት፣ ሲጎድል በምንድን ነው የሚሞሉት?»

«በጨው ውኃ ነዋ! የባሕር ልጅ አይደል እንዴ?»

«በኖ የሄደው ውኃው ብቻ ነው። ጨዉማ ይኸው ጠርዙ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ የምልሰው እኔ ነኝ። ወጥ ምጥጥ ቢልብዎት ጨው ይጨምራሉ?»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ጦጢት። በዚያው ጭልፋ የመረረውን ውኃ እየቀነሰች፣ ጨው ያልነካው ንጹሕ ውኃ ጥቂት በጥቂት ጨመረች።

«ዕድሜ ይስጥሽ፣ እህት ዓለም!» አላት ዓሣው ቀንድ አውጣዋን፣ ትንፋሹ ሲመለስ።

ሸርጣኑ ድንጋይ ሥር ገብቶ ቀረ። ጦጢት የጨው ዕቃዋን ከደነች። ዓሣው ዳነ፤ ምግብ በወረደ ቁጥር የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለቀንድ አውጣዋ ያቀርባል።