ከጭን ሥር የተቀመጡ እጆች

ሰባት ልጆች ወልደው አሳድገው፣ ከሰባቱ አንዱን እንኳ አቅፈው የማያውቁ አንድ አባት አሉ።

ክፉ ሰው ናቸው? አይደሉም። ልጆቻቸውን በድለዋል? አልበደሉም። አርባ ዓመት በመምህርነትና በርእሰ መምህርነት አገልግለው፣ ሰባቱንም አስተምረው፣ ሰባቱንም ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ነገር ግን አላቀፉም።

ስለ ምን? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በእርሳቸው አገርና በእርሳቸው ዘመን ጨዋ ሰው በወላጅ አባቱ ፊት የገዛ ልጁን አያቅፍም፤ አይስምም፤ ስሙን እንኳ አቆላምጦ አይጠራም ነበር። ይህ ለአባት የሚሰጥ ክብር ነው። ክብሩን የጣሰ "ዐይን አውጣ" ተብሎ ይታማል። የእኒህ ሰው አባት ደግሞ ከልጃቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ኖሩ። ሽማግሌው ሲያርፉ የመጨረሻዪቱ የልጅ ልጃቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላትን ልጅ ማን ከመሬት አንሥቶ ያቅፋል?

ወጉን አልነቅፍም። እኔም በዚያው ወግ ያደግሁ ነኝ። የዛሬው ነገሬ፣ ወጉ ካለፈ በኋላ በሰው ውስጥ ስለሚቀረው ነው።

እኒህ አባት ሲቀመጡ አንድ ልማድ አላቸው። ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ይቀመጡባቸዋል። ልጆቻቸው "አባባን እጃቸውን ይበርዳቸዋል" ይሉ ነበር። አንድ ዓመት ለበዓል የእጅ ሹራብ ገዝተውላቸዋል። አባትየውም አመስግነው ተቀበሉ። አንድ ቀንም አላጠለቁትም።

ባለቤታቸው ባረፉ በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ መከሩና፣ "አባባ ብቻቸውን ቤት አይዋሉ" ብለው ከፋሲካ በኋላ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ይዘዋቸው ወረዱ። ልጅ፣ ምራት፣ አማች፣ የልጅ ልጅ፣ ተቈጥረው ሃያ ሦስት ነፍስ። በአንድ ሚኒባስና በሁለት የቤት መኪና ሄዱ፤ በሐይቁ ዳር ሦስት ቤት ተከራዩ።

ከሃያ ሦስቱ የምታንሰው ኖላዊት ትባላለች፤ የመጨረሻዪቱ ልጃቸው የውብርስት ልጅ ናት። ዕድሜዋ ዓመት ከአራት ወር ነው። አምስት ርምጃ ትሄድና በመቀመጫዋ ትወድቃለች፤ ተነሥታ ደግሞ አምስት ትሄዳለች። ከአፏ የጠራ ቃል አንድ ብቻ ነው፦ "ኮኮ!" እንኮኮ አድርጉኝ፣ ተሸከሙኝ ማለቷ ነው። የሰማ ሁሉ ይሸከማታል። እንደ ማኅበር ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ነበር፤ አጎቷ ለአክስቷ፣ አክስቷ ለአማቹ፣ አማቹ ለጎረምሶቹ ያቀብሏታል።

አያቷ ዘንድ ስትደርስ ጽዋው ይዘላል።

ሁሉም ሲያነሧት አንድ ነገር ይላሉ፦ "እንዴት ከብዳለች!" አባትየው ይህን በሰሙ ቁጥር ቀና ይላሉ። ምን ያህል ትከብድ ይሆን? ከሃያ ሦስቱ ሰው ይህን የማያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ወገኖቼ፣ የእኒህ ሰው ምኞት ይህ ነበር፤ ሌላ አልነበረም። ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ስማቸው ሲጠራ ተማሪ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረ ሰው፣ የአንዲትን ሕፃን ክብደት በክንዳቸው ለማወቅ ናፈቁ። ሦስት ቀን በሐይቅ ዳር ተቀምጠው ይህን ብቻ ናፈቁ። ግን አልተናገሩም።

በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራቫት አስረው ከግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሁለተኛዪቱ ልጃቸው የሺመቤት ጨዋታ ትወዳለች።

"አባባ፣ ሐይቁ እኮ ክራቫት አይጠይቅም!" አለቻቸው።

"ሐይቁ ባይጠይቅ እኔ እጠይቃለሁ" አሉ።

ሁሉም ሣቁ። እርሳቸውም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አደረጉ።

በሁለተኛው ቀን ኖላዊት ከውኃው ዳር አንዲት ድንጋይ ይዛ መጣች። በላንጋኖ ዳር በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ አለ፤ ያየ ያውቀዋል። አምስት ርምጃ፣ ውድቀት፤ አምስት ርምጃ፣ ውድቀት። እንዲህ እያለች ደርሳ ድንጋዩን ከአያቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። ከዚያ ጭቃ የነካውን እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፦

"ኮኮ!"

የአባትየው ቀኝ እጅ ከጭናቸው ሥር መውጣት ጀመረ። አልዋሻችሁም፤ ጀምሮ ነበር። በዚያች ቅጽበት የሺመቤት ሮጣ መጣች።

"ውይ አባባ፣ ልብስዎን አበላሸችብዎ! ነዪ አንቺ፣ አያትሽ ልጅ አይዙም!" ብላ ብድግ አድርጋ ወሰደቻት።

አባትየው "ተዪልኝ" ማለት ፈለጉ። ከአፋቸው የወጣው ግን "ምንም አይደል" የሚል ነው። ድንጋዩን ከኮታቸው ኪስ ከተቱት።

ሦስተኛው ቀን የመመለሻ ቀን ነበር። ዕቃ ይጫናል፣ ፍራሽ ይጠቀለላል፣ ጫማ ይፈለጋል፣ ሰው ሁሉ ይጯጯኻል። አባትየው ለመሰናበት ብለው ወደ ግራሩ ሥር ወረዱ። ከቤቶቹ ጀርባ ነበርና ከመኪኖቹ ዘንድ አይታይም።

ተቀምጠው ሳሉ ከኋላቸው ትንሽ ኮቴ ሰሙ። አምስት ርምጃ፣ ውድቀት። አምስት ርምጃ፣ ውድቀት። መጥታ ከፊታቸው ቆመች፤ ሁለት እጇንም ዘረጋች።

እርሳቸው ምን አደረጉ? አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላቸው ተመለከቱ። ማንን ፈለጉ? የሺመቤትን ይመስላችኋል? ከሞቱ ሃያ ሰባት ዓመት ያለፋቸውን አባታቸውን ነበር የፈለጉት። ከኋላቸው ወንበር አልነበረም። ከወንበሩም ላይ የተቀመጠ አልነበረም።

እጃቸውን አወጡ፤ አነሧትም።

ከበደች። ከጠበቁት ይልቅ ከበደች። ራሷን ከክራቫታቸው ላይ ጣል አድርጋ፣ ጣቷን ከአፏ ከትታ አንቀላፋች። ነፋስ እንዳይነካት ኮታቸውን አውልቀው ደረቡባት።

ያን ጊዜ የመኪኖቹ ሞተር ተነሣ።

እንግዲህ ስሕተቱን ስሙት፤ የትልቅ ቤተ ሰብ ስሕተት ነው፤ በአራት ሰው ቤት አይደርስም። ውብርስት "ኖላዊት ከልጆቹ ጋር በሚኒባሱ ናት" አለች። በሚኒባሱ ያለችው የሺመቤት "ከእናቷ ጋር ናት" አለች። የበኵር ልጃቸው አጥናፉ "አባባ ከውብርስት ጋር ናቸው" አለ። ውብርስት ደግሞ "ጉልበታቸው እንዲመቸው ከአጥናፉ ጋር ፊት ተቀምጠዋል" አለች። ሃያ ሦስት ሰው ሆነው ሁሉም አንዱ በሌላው ታመነ። ሦስቱ መኪኖች ተነሥተው ሄዱ።

አባትየው ሰምተዋል። አንድ ቃል ጮኸው ቢጣሩ ይሰሙ ነበር፤ ያ ድምፅ ስምንት መቶ ተማሪ በሰልፍ ያቆመ ድምፅ ነው።

አልተጣሩም።

ቡልቡላ ሲደርሱ ሐብሐብ ለመግዛት ሦስቱም መኪኖች ቆሙ። የሺመቤት ቀይ ቀዩን ቈርሳ ወደ እኅቷ መጣች።

"ኖላዊትን አምጪያት፣ ላቅምሳት።"

"አንቺ ጋ አይደለችም እንዴ?"

"ኧረ ተዪ፣ አትቀልጂ!"

"ምን ቀልድ አለ! አባባስ?"

"እኔ ጋ የሉም" አለ አጥናፉ።

ሐብሐቡ ከመንገዱ ላይ ቀረ፤ ሦስቱም መኪኖች ወደ ሐይቁ ተመለሱ። አጥናፉ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ወደ አባቱ ስልክ ይደውላል። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። ደግሞ ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። ውብርስት በዚያው መኪና ከኋላ ሆና "ሐይቁ! ሐይቁ!" ከማለት ሌላ ቃል አጣች። አንዲት ሕፃን፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጥልቅ ውኃ፤ የእናት ልብ ሌላ ምን ያስባል?

ስልኩ ከግራሩ ሥር ስድስት ጊዜ ጮኸ። አባትየው ስድስቱንም ሰሙ። በመጀመሪያው "ትነቃብኛለች" አሉ። በሁለተኛው እጃቸውን ልከው መለሱት። ከዚያ በኋላ ለራሳቸውም ምክንያት አልሰጡም። ወገኖቼ፣ ይህን አላቃልለውም። በዚያች ሰዓት አንዲት እናት በመንገድ ላይ በጭንቀት እየሞተች ነበር፤ እርሳቸውም ሊያድኗት ይችሉ ነበር።

ውብርስት በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰች። አባቷ በሸሚዝ ቀርተው፣ ልጇ በኮት ተጠቅልላ ከደረታቸው ላይ ተኝታ አየቻቸው። ከአሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አጥናፉ ስልኩን እንደ ጨበጠ ከኋላዋ ቆመ።

"አባባ፣ ስልኩን አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ።"

"መኪኖቹ ሲነሡስ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ስለ ምን አልተጣሩም?"

አባትየው ሕፃኗን ተመለከቱ። "ብጣራ ትወስዱብኝ ነበር" አሉ።

የሺመቤት አፏን በእጇ ያዘች። "እኛ እኮ... ልጅ የማይወዱ ይመስለን ነበር!"

ውብርስት ግን በቍጣ ተነሣች። "ሞታችሁ መስሎኝ ነበር! ‘ስጪኝ’ ቢሉኝ እምቢ እል ነበር? አንድ ጊዜ ‘ስጪኝ’ ብለውኝ ያውቃሉ?"

"‘ስጪኝ’ ማለት አልተማርሁም" አሉ አርባ ዓመት ያስተማሩት ሰው። ቀጥለውም፣ "አጥፍቻለሁ። ይቅር በዪኝ" አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ከልጆቻቸው አንዱም ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ አጥናፉ አንድ ነገር ጠየቀ። ኀምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤ የሁለት ጎረምሶች አባት ነው።

"እኔንስ፣ አባባ?" አለ። "እኔንስ ማቀፍ ፈልገው ያውቃሉ?"

አባትየው ኮቱን ከሕፃኗ ላይ አስተካከሉ።

"በሦስት ዓመትህ ኩፍኝ ያዘህ" አሉ። "እናትህ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ከመኝታህ ወርደህ እያለቀስህ መጣህ፤ ከፊቴ ቆመህ እጅህን ዘረጋህ። አባቴ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። እጄ እንዳያሳፍረኝ ፈራሁ። ስለዚህ ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁበት። እናትህ እስክትመለስ ድረስ ተቀመጥሁበት። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ እቀመጣለሁ።"

አባቱን እንዳይበርዳቸው የእጅ ሹራብ የመረጠላቸው አጥናፉ ነበር። አሁን ወደ አባቱ ቀርቦ ከአሸዋው ላይ ተቀመጠ። አባትየው በግራ እጃቸው ሕፃኗን እንደ ያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን ከሽበታሙ ራስ ላይ አኖሩ።

ታሪኩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ መካከል እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ የተቀመጠ የለምን? እኅቱን የናፈቀ፣ ነገር ግን "እርሷ ትደውል" የሚል የለምን? አባቱን ለመሳም የሚሻ፣ ነገር ግን በር ላይ ደርሶ እጅ ብቻ ነሥቶ የሚመለስ የለምን? ማንን ትፈራላችሁ? ከኋላችሁ ያለው ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል? ዘወር ብላችሁ አይታችሁታል?

ጌታችን ሕፃናቱን ሲያቅፍ ደቀ መዛሙርቱ ይከለክሉ ነበር፤ ሕዝብም ያይ ነበር። ክብሩ ጐደለበትን?

ያልተነገረ ናፍቆት የሚሞት አይምሰላችሁ። አይሞትም። እንዲያውም ጨዋውን ሰው፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት ያልዋሸውን ሰው፣ ልጅን ከእናቷ እንዲደብቅ ያደርገዋል። "ስጪኝ" ማለት ያፈረ አንደበት፣ "እዚህ ናት" ከማለትም ዝም አለ።

እናንተም ደግሞ ልጆች፣ ጽዋውን ስታዞሩ አታስዘልሉ። "አባባ አይወዱም" አትበሉ። ጠይቃችኋልን?

ሕፃኗ ግን ማንንም አልጠየቀችም፤ ወደቀች፣ ተነሣች፣ መጣች፣ እጇን ዘረጋች። በሁለተኛው ቀን ባይሳካላት በሦስተኛው ተመልሳ መጣች።

እኒያ አባት ያቺን ቀላል ድንጋይ ዛሬም ከኪሳቸው አላወጧትም። አጥናፉ ግን ያ ቀን ካለፈ ወዲህ በየእሑዱ ይመጣል፤ ሲደርስ ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አባቱም ከወንበራቸው ተነሥተው ይሄዱለታል። ከወንበሩ እስከ በሩ አምስት ርምጃ ነው።

ከዚህ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ ወደ አንድ በር ትሄዳላችሁ። ከበሩም በስተጀርባ የሚጠብቃችሁ አለ። እንግዲህ እጃችሁን አውጡ።