የእትዬ የሹምነሽ ሣጥንና አንዲት ድምፅ

አንድ ሰው ነበር፤ የሚፈልገው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ወርቅ አልፈለገም፤ ሹመት አልፈለገም። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ ሲያሳርፍ ኪቦርዱ እንዲጮህለት ፈለገ። በቃ።

ሰውየው ደመላሽ ይባላል። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ ጀርባውን እያከራየ ኖሯል። ጤፍ ተሸክሟል፤ ሲሚንቶ ተሸክሟል፤ አልጋ ከነፍራሹ ተሸክሟል። በዚያ ጀርባ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ጥቁር ኪቦርድ ገዛ። ሻጩ ኮንትሮለር ይለዋል። ነጭና ጥቁር ጥርስ አለው፤ ድምፅ ግን የለውም። ድምፁ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ኪቦርዱ ጣት የት እንዳረፈ ለላፕቶፑ ይናገራል እንጂ ራሱ አይዘፍንም። ደመላሽ ይህን ለመናኸሪያ ጓደኞቹ ሲያስረዳቸው «ዲዳ ገዝተህ መጣህ?» ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቁበት። እሱ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ዳግመኛ ሸክም ጀርባዬ ላይ አይወጣም ብሎ ማለ።

ስንሻው የሚባል ዘፋኝ ቡድኑ ውስጥ አስገባው። የመጀመሪያ ሥራው እዚያው ቡሬ፣ የአቶ ዘለቀ ልጅ የብዙአየሁ መልስ ሆነ። ስንሻው የራሱን አሮጌ ሱፍ አለበሰውና ድንኳኑ ውስጥ ጠራው።

«ስማ። ሙሽሮቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይገባሉ። የልጅቷ እግር ምንጣፉን ሲረግጥ ድምፅ እፈልጋለሁ። ድምፅ ከሌለ አንተም የለህም። ነገ ጠዋት መናኸሪያህ ትገኛለህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ደመላሽ።

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር። ኪቦርዱን መቆሚያው ላይ አስቀመጠ። ገመዱን ሰካ። ጣቱን አሳረፈ። ያኔ መብራት ሄደ።

«ጩህ እንጂ» አለው ኪቦርዱን።

«እኔ ምን አገባኝ?» አለ ኪቦርዱ። «ድምፁ ያለው እሱ ጋ ነው።»

ወደ ላፕቶፑ ዞረ። የላፕቶፑ ባትሪ ደመላሽ ሳይገዛው በፊት የሞተ ነው። «እኔ ምን አገባኝ?» አለ ላፕቶፑ። «መብራት አምጣ።» መብራቱን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? ሲመጣ አይናገር፣ ሲሄድ አይሰናበት። እንዲህ ሆነ፦ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ።

ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተር አለ። ጄኔሬተሩ ጥላ ሥር ባለቤቱ ሞላ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል። ከሸንኮራው በቀር በዓለም ላይ ምንም የሚያስቸግረው ነገር ያለ አይመስልም።

«ወንድም፣ ጄኔሬተሩን አስነሣልኝ» አለው ደመላሽ። «መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ።»

«ቤንዚን የለውም። እኔ ምን አገባኝ? ያከራየሁት ባዶውን ነው፤ ቤንዚኑ የባለ ድግሱ ነው።» ሞላ ሸንኮራውን ተፋና ዓይኑን አጠበበ። «ቆይ ቆይ! አንተ የመናኸሪያው ተሸካሚ አይደለህም እንዴ? የወፍጮዬን ሞተር ከአውቶቡስ ጣራ ያወረድክልኝ!»

«ተሳስተሃል።»

«ያንን ጀርባ እረሳለሁ? ሱፍ ለበስክና ሌላ ሰው ሆንክ?»

«ተሳስተሃል አልኩህ።»

ሞላ ሳቀ። ደመላሽ አልሳቀም። ቤንዚኑ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ የድግሱ አዛዥ የአቶ ደግፌ ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል። አቶ ደግፌ ሆዳቸው ቀድሞ የሚገባ፣ እሳቸው በኋላ የሚከተሉ ሰው ናቸው። በዓመት ሦስት ጊዜ ድግስ ያዛሉ። በቀሪው ጊዜ ስላዘዙት ድግስ ያወራሉ።

«ጋሼ ደግፌ፣ ዕቃ ቤቱን ይክፈቱልኝ» አለ ደመላሽ። «ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ።»

«ዕቃ ቤት?» አቶ ደግፌ ቁልፉን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከቤንዚኑ አጠገብ ምን እንዳለ ታውቃለህ? አረቄ አለ! ባለፈው ዓመት አንድ ሠርግ ላይ ለአንድ ክብሪት ብዬ ከፈትኩ፤ ስመለስ ጠርሙሱ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት።»

«ጋሼ፣ እኔ አልጠጣም።»

«የማይጠጣ ሙዚቀኛ! ይሄንንም ሰማሁ። እኔ ምን አገባኝ? አባወራው ካላዘዙኝ አልከፍትም። ሂድ፣ እሳቸውን ጠይቅ።»

ደመላሽ ሄደ። አቶ ደግፌ አልከፍት አሉ፤ ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ። ሰዓቱም ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

አባወራው አቶ ዘለቀ አጥሩ በር ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከፊት ለፊታቸው አንድ አረንጓዴ የብረት ሣጥን አለ። ሣጥኑ ላይ አንዲት አሮጊት ጃንጥላ ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ለድንኳኑ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ታላቅ እህታቸው እትዬ የሹምነሽ ናቸው። ከሽንዲ መጥተው አኩርፈዋል።

«ጋሼ ዘለቀ፣ ለአቶ ደግፌ አንድ ቃል ይዘዙልኝ» አለ ደመላሽ በሹክሹክታ። «እሳቸው አልከፍት አሉ፤ ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ።»

«ምን ልዘዝ ልጄ?» አሉ አቶ ዘለቀ። «ታላቄ ደጅ ላይ ተቀምጣ እኔ በዚህ ቤት ምን ሥልጣን አለኝ? ምሳው አልተነሣም። ሴቶቹ ከበሮውን እንኳን አልነኩም። እሷ ሳትገባ ማን ደፍሮ እልል ይላል?» ቀና ብለው ደግሞ «እታለም፣ በሞቴ ግቢ!» ብለው ለመኑ።

«ሞትህን ለራስህ!» አሉ እትዬ የሹምነሽ ሳይዞሩ።

ደመላሽ ዞሮ ከፊታቸው ቆመ። እጅ ነሣ።

«እማማ፣ ይግቡልን። እርስዎ ካልገቡ አቶ ዘለቀ አላዝ አሉ፤ አቶ ደግፌ አልከፍት አሉ፤ ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ።»

«ይሄን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ?» አሉ አሮጊቷ። ትንሽ ደስ ያላቸው መሰለ። «እንግዲህ ስማ። ለብዙአየሁ ሰባት ጋቢ ፈትያለሁ። ማሩን በጣሳ አሽጌያለሁ። በአውቶቡስ ከዚህ ሣጥን ጋር ስንገላታ መጣሁ። እዚህ ደርሼ ወንድሞቿን ‹አስገቡልኝ› ብላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ከመናኸሪያ ተሸካሚ እንጥራ!› የአክስት ስጦታ ሲሚንቶ ነው? እንግዲህ ሱፍ የለበሰ ሰው ይጎንበስለት። ሱፍ ካልጎነበሰለት አልገባም!»

የሙሽራዋ ወንድሞች ሩቅ አልነበሩም። ሦስት ናቸው። ሦስቱም ሰማያዊ ሱፍ፣ ሦስቱም ጥቁር መነጽር። አጥሩን ተደግፈው እርስ በርስ በስልክ ፎቶ ይነሣሣሉ። አንዱ ሲያነሣ ሁለቱ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሥራቸው ይሄ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠሩት ውለዋል።

«ወንድሞቼ» አለ ደመላሽ፣ «ሣጥኑን አስገቡ። እትዬ የሹምነሽ አልገባ አሉ፤ አቶ ዘለቀ አላዝ አሉ፤ አቶ ደግፌ አልከፍት አሉ፤ ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ።»

ታላቅየው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። «የኔ ወንድም፣ ይሄ እኮ ሱፍ ነው።»

«አያለሁ።»

«ሲጎነበሱበት ይጨማደዳል። ቪዲዮው ላይ ይታያል።»

«ሣጥኑ ደግሞ ዝገት አለው» አለ መካከለኛው።

«እኔ ወገቤን ያመኛል» አለ ታናሽየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

«እኛ ምን አገባን?» አለ ታላቅየው። «እትዬ እንደሆነች ታኮርፋለች፤ ልማዷ ነው። ከቸኮልክ ተሸካሚ ጥራ። መናኸሪያው ቅርብ ነው።»

ደመላሽ መናኸሪያው ቅርብ መሆኑን ያውቃል። ስንት እርምጃ እንደሆነም ያውቃል።

እንዲህ ሆነ፦ ወንድማማቾቹ አንጎነበስ አሉ፤ እትዬ የሹምነሽ አልገባ አሉ፤ አቶ ዘለቀ አላዝ አሉ፤ አቶ ደግፌ አልከፍት አሉ፤ ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ላፕቶፑ አልበራ አለ፤ ኪቦርዱ አልጮህ አለ። ከታች፣ ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ሙሽሮቹ እየመጡ ነው።

ደመላሽ ሣጥኑን አየው። አራት ዓመት ሙሉ ሸክም በዓይኑ ሲመዝን ኖሯል፤ ስድሳ ኪሎ ይሆናል። ሞላ ከጄኔሬተሩ ሥር አንገቱን አስግጎ ያየዋል። ተሸክሞ ቢታይ ተሸካሚነቱን ቡሬ ሁሉ ያውቃል። ባይሸከም ደግሞ ነገ መናኸሪያ ይሸከማል። በየትም ቢሄድ ነገሩ ጀርባው ላይ ሊያልፍ ነው።

«እማማ፣ ይነሡልኝ» አለ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ሱፍ ለብሻለሁ። አይበቃም?»

እትዬ የሹምነሽ ከጫማው እስከ አንገቱ አዩት። የጫማውን ንቃቃት አዩ። የኮቱን ሰፊነት አዩ። ጃንጥላቸውን አጠፉና ተነሡ። ደመላሽ ጎነበሰ፤ የሣጥኑን እጀታ ያዘ፤ ትንፋሹን ሰበሰበና ብድግ አለ። ኮቱ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተተረተረ። በዚያ ግቢ ያን ቀን የተሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ይህ ነበር።

«‹ተሳስተሃል› አላልከኝም?» ብሎ ጮኸ ሞላ።

«አልተሳሳትክም!» አለ ደመላሽ ከሣጥኑ ሥር። «አሁን ጄኔሬተርህ ጋ ቁም!»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እንደተቆረጠ ገመድ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ሣጥኑ ሲገባ እትዬ የሹምነሽ ገቡ። እትዬ የሹምነሽ ሲገቡ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አቶ ዘለቀ ባርኔጣቸውን ደፍተው «ደግፌ! ክፈት!» አሉ። አቶ ዘለቀ ሲያዝዙ አቶ ደግፌ ከፈቱ፤ ቤንዚኑን አውጥተው መልሰው ለመቆለፍ የፈጠኑትን ያህል በሕይወታቸው ፈጥነው አያውቁም። አቶ ደግፌ ሲከፍቱ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ መብራቱ መጣ። መብራቱ ሲመጣ ላፕቶፑ በራ።

በራ ማለት ግን ነቃ ማለት አይደለም። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ትዞራለች። ትዞራለች። መኪናው አጥሩ በር ላይ ቆመ። ትዞራለች። በሩ ተከፈተ፤ የብዙአየሁ ነጭ ቀሚስ ታየ። ስንሻው ማይክሮፎኑን ይዞ ደመላሽን በዓይኑ ይበላዋል። ትዞራለች። እግሯ ወጣ፤ ምንጣፉ ላይ ወረደ። ክቧ ቆመች። ደመላሽ ጣቱን አሳረፈ።

ኪቦርዱ ጮኸ።

አንዲት ድምፅ ናት። ጎዳናው ድረስ ተሰማች። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ መጣች፤ ስንሻው ተቀበላት፤ ከበሮው ገባ፤ ድንኳኑ ተነቃነቀ።

ሦስቱ ወንድማማቾች ደግሞ? ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ሰማያዊ ኮታቸውን አውልቀው የእትዬ የሹምነሽ ሣጥን ላይ ወረወሩት። ሱፉ ተጨማደደ፤ ዝገቱ ነካው። እስክስታውን ወረዱበት፤ መሬት እስኪነኩ ተጎነበሱ፤ ላባቸው በሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተጎነበሰው ወገቡን የሚያመው ታናሽየው ነበር። ለአክስት ሣጥን ያልታጠፈ ወገብ ለቪዲዮ ካሜራ እንዴት እንደሚታጠፍ ደመላሽ ያን ቀን አየ።  ጣቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ።

በሁለት ዘፈን መካከል ስንሻው ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«ሱፌን ቀደድከው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ለቅዳሜ ሌላ ፈልግ። ደንበጫ ሠርግ አለን።»

«እሺ ጋሼ» አለ ደመላሽ፤ ሌላዋንም ድምፅ ተጫናት። በተቀደደው ኮት በኩል ነፋስ ጀርባውን ይመታው ነበር። ደስ ይል ነበር።

እኔ ሣጥኑን እዚህ አውርጃለሁ። የሚያነሣው ሱፍ ለባሽ ካለ ይጎንበስ።